«የዛሬ ሺህ ዓመት» መቼ ነው?

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ተወልደው ለሚያድጉ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ለወደፊት ሰዎች ደብዳቤ ጽፈው በታሸገ ሣጥን ሊያኖሩ አስበው፣ በክዳኑ ላይ «የዛሬ ሺህ ዓመት፣ መስከረም 1 ቀን 3000 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች ሴፕቴምበር 11 ቀን 3007 የሚከፈት» የሚል ጽሑፍ አዘጋጁ። ከወላጆች አንዱ «‹የዛሬ ሺህ ዓመት› የሚባለው ላለፈ ነገር ነው» ብለው ተቃወሙ፤ አንዲት እናት ደግሞ «በሺህ ዓመት ውስጥ» ቢባል ይሻላል አሉ። በደብዳቤው ውስጥም «ድንቅነሽ በ3.2 ሚሊዮን ዓመተ ዓለም ትኖር ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። የትኛው ትክክል ነው? ቀኑስ በትክክል ተሰልቷል?

መልስ፦ «የዛሬ» የሚለው አነጋገር ላለፈም ለሚመጣም የሚያገለግል ነው። «የዛሬ ዓመት ተጋቡ» ስንል ያለፈውን፣ «የዛሬ ዓመት ይጋባሉ» ስንል የሚመጣውን ዓመት ማለታችን ሲሆን፣ ሁለቱን የሚለየው ግሡ ብቻ ነው። ስለዚህ ተቃውሞ ያነሡት አባት አነጋገሩ ሁለት ፊት እንዳለው ማስተዋላቸው ተገቢ ቢሆንም፣ ላለፈ ብቻ ነው ማለታቸው ግን አያስኬድም። የተማሪዎቹ ጽሑፍ «የሚከፈት» ብሎ ስለሚያበቃ በሰዋስው በኩል ነቀፋ የለበትም። እኔን የሚያሳስበኝ «ዛሬ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። በፊት ለፊት ንግግር «ዛሬ» የተናጋሪውም የሰሚውም ቀን ነው፤ በሣጥን ክዳን ላይ ሲጻፍ ግን ያ አንድነት ይፈርሳል። ሣጥኑን በ2500 ዓ.ም. የሚያገኝ ሰው «የዛሬ ሺህ ዓመት» የሚለውን ሲያነብ ከየትኛው ዛሬ ይነሣ? ረጅም ዘመን እንዲቆይ በታሰበ ጽሑፍ ላይ «ዛሬ»፣ «ዘንድሮ»፣ «ከርሞ» የመሳሰሉት ቃላት መነሻ ቀናቸው አብሯቸው ካልተጻፈ ትርጉማቸውን ያጣሉ።

«በሺህ ዓመት ውስጥ» የሚለው እርማት ደግሞ ከነበረው የባሰ ነው። «ውስጥ» ወሰንን እንጂ ነጥብን አያመለክትም፤ «ዕዳውን በሦስት ወር ውስጥ እከፍላለሁ» ያለ ሰው በማግሥቱ ቢከፍል ቃሉን ጠብቋል። እንዲሁም «በሺህ ዓመት ውስጥ የሚከፈት» የተባለ ሣጥን በሚቀጥለው ሳምንት ቢከፈት ጽሑፉን የጣሰ ሰው የለም። ይህ አጠቃቀም በዜናና በትርጉም ሥራ እየበዛ መምጣቱ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የጠራ መንገድ አለው። «ከሺህ ዓመት በኋላ» የሚለው ከዚያ በፊት እንደማይሆን ብቻ ሲናገር፣ «ሺህ ዓመት ሲሞላ» የሚለው ግን ዕለቱን ለይቶ ያሳያል። ለቀጠሮ የሚስማማው ይህ ሁለተኛው ነው።

«ሞላ» ካልን ዘንድ ከ«ገባ» ጋር ያለውን ልዩነት መጠበቅ ያስፈልጋል። መስከረም 1 ቀን 3000 ዓ.ም. ጠዋት «3000 ዓመተ ምሕረት ገባ» ማለት ትክክል ነው፤ «3000 ዓመት ሞላ» ማለት ግን አይቻልም፣ ዓመቱ የሚሞላው ጳጉሜን 5 ቀን 3000 ሲመሽ ነውና። ኢትዮጵያ ሁለተኛውን ሺህ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ስታከብር የተነሣው ክርክር አብዛኛው ከዚህ የመጣ ነበር፤ አንዱ ወገን ስለ መግባት፣ ሌላው ስለ መሙላት እየተናገረ ሁለቱም በየፊናቸው ልክ ነበሩ። በዕለት ንግግራችን «የዛሬ ስምንት» ብለን ከሰባት ቀን በኋላ ያለውን ያንኑ ዕለት፣ «የዛሬ ዐሥራ አምስት» ብለን ከዐሥራ አራት ቀን በኋላ ያለውን መቅጠራችንም መነሻውን ቀን አብሮ ከመቁጠር የመጣ ነው። በሳምንት ቀጠሮ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። በረጅም ዘመን ስሌት ግን አንዱ መነሻውን ዓመት ቆጥሮ፣ ሌላው ሳይቆጥር፣ በአንድ ዓመት ይለያያሉ።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ። ደብዳቤው በ2018 ዓ.ም. የተጻፈ ከሆነ፣ ከመስከረም 1 ቀን 2018 እስከ መስከረም 1 ቀን 3000 ያለው 982 ዓመት ነው እንጂ ሺህ አይደለም። ነገሥታትን «ሺህ ዓመት ይንገሡ» ብለው የሚመርቁት አባቶቻችን ሺህን ለብዙ ዘመን እንጂ ለልክ አልተጠቀሙበትም፤ ቀን አብሮ ሲጻፍ ግን ሺህ ልክ መሆን አለበት። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ይገባል፤ ወይ ሺህ ዓመት የሚሞላበትን ቀን፣ ወይ 3000 ዓ.ም. የሚገባበትን።

መስከረም 1 ቀን 3000 በምን ዕለት እንደሚውል ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የዘመንና የበዓላት ስሌት፣ በቀላሉ ይነግረናል። ከክርስቶስ ልደት በፊት የተቆጠረውን 5500 ዓመት ከ3000 ጋር ስንደምር 8500 ዓመተ ዓለም ይሆናል። 8500 ለ4 ሲካፈል 2125 ይደርሳል፤ ይህ መጠነ ራብዒት ይባላል። ምንም ስላልተረፈ ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ ይሆን ነበር። ከዚያ 8500ን ከ2125 ጋር ደምረን ያገኘነውን 10,625 ለ7 ስናካፍል 6 ይተርፋል። ቀሪው 1 ሲሆን ዕለቱ ማክሰኞ፣ 2 ሲሆን ረቡዕ፣ እያለ ይሄዳል፤ 6 ሲሆን እሑድ፣ ምንም ካልተረፈ ሰኞ ነው። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 3000 ዓ.ም. እሑድ ይውላል። የተጠራጠረ ሰው በሌላ መንገድ ሊፈትነው ይችላል፤ ከመስከረም 1 ቀን 2000፣ ረቡዕ ከዋለው፣ እስከ መስከረም 1 ቀን 3000 ድረስ 365,250 ቀን አለ፣ ይህም ለሰባት ሲካፈል 4 ይተርፋል፣ ከረቡዕ አራት ቀን ቢቆጠር እሑድ ላይ ይደርሳል። የፋሲካውን ቀን እንኳ ከወዲሁ ማወቅ ይቻላል፤ ፋሲካን ለማውጣት የሚያገለግሉት የጨረቃ ቁጥሮች፣ አበቅቴው 6፣ መጥቅዑ 24 ሆነው፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 8 ይውላል። ተማሪዎችዎ ይህን በራሳቸው እጅ ቢያሰሉት ደብዳቤውን ከመጻፍ የማያንስ ትምህርት ያገኙበታል።

ስሕተቱ ያለው በፈረንጆቹ ቀን ላይ ነው። ዓመተ ምሕረት ላይ 7 ደምሮ 3007 ማለት ትክክል ሲሆን፣ ሴፕቴምበር 11 ማለት ግን አይሆንም፤ ዕለቱ ሴፕቴምበር 20 ነው። የእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ሳያቋርጥ ጳጉሜን ስድስት ሲያደርግ፣ የጎርጎርዮስ አቆጣጠር በመቶ ዓመት መዝጊያ ላይ፣ ቁጥሩ ለ400 ካልተካፈለ በቀር፣ የፌብሩዋሪን 29ኛ ቀን ይተዋል። ከአሁን እስከ 3007 ድረስ በ2100፣ በ2200፣ በ2300፣ በ2500፣ በ2600፣ በ2700፣ በ2900 እና በ3000 ስምንት ቀን ይተዋል። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 12 ላይ ውሎ ነበር፤ 3000ም እንደ እርሱ ሉቃስን ተከትሎ የሚመጣ ዓመት ስለሆነ፣ ስምንት ሲታከልበት 20 ይሆናል። ለውጡን ለማየት ሺህ ዓመት መጠበቅም አያስፈልግም። ከ2093 ዓ.ም. ጀምሮ ዕንቁጣጣሽ በተራ ዓመት ሴፕቴምበር 12፣ ከሉቃስ ቀጥሎ ባለው ዓመት ደግሞ ሴፕቴምበር 13 ይውላል፤ ዛሬ ከሚማሩት ሕፃናት መካከል ይህን በዓይናቸው የሚያዩ ይኖራሉ። በውጭ አገር ያደጉ ልጆች «ዕንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ነው» ብለው እንደ ቋሚ ሕግ መያዛቸው እዚህ ላይ ያሳስታል፤ ቋሚው መስከረም 1 ነው፣ የሌላው አቆጣጠር ቀን ነው የሚንሸራተተው።

ወደ ክዳኑ ጽሑፍ ስመለስ፣ «3000 ዓ.ም.» ብቻውን ይበቃል ወይ የሚለውን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ባሕረ ሐሳብ 532 ዓመት የሚፈጅ ዐቢይ ቀመር አለው፤ 28 የፀሐይ ዐውድና 19 የጨረቃ ዐውድ ተባዝተው የሚሰጡት ነው፣ በዚህ መጨረሻም ዕለታትና አጽዋማት ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። የ2018 ትንሣኤ ሚያዝያ 4 እንደሆነ ሁሉ የ2550ም ሚያዝያ 4 ይሆናል። በጥንት የብራና መጻሕፍት «ዓመተ ምሕረት» የሚለው ስም ብዙ ጊዜ በዚህ ዑደት ውስጥ ያለውን ዓመት ያመለክት ስለነበር፣ «በ100 ዓመተ ምሕረት» የሚል ጽሑፍ ያገኘ ተመራማሪ ዑደቱ የትኛው እንደሆነ ካላወቀ የ532 ዓመት ስሕተት ሊሠራ ይችላል። በ1348 እ.ኤ.አ. ከጀመረው ዑደት ከሆነ 100 ማለት የ15ኛው ምእት ዓመት አጋማሽ ነው፤ ከቀደመው ከሆነ ግን የ10ኛው መጀመሪያ ይሆናል። ስሙ አልተለወጠም፣ አቆጣጠሩ ግን ተለወጠ። ደግነቱ ጸሐፊዎቹ ከቁጥሩ ጋር ወንጌላዊውን፣ አበቅቴውን፣ ዕለቱን አብረው ይጽፉ ስለነበር እርስ በርስ አመሳክሮ ትክክለኛውን ዘመን ማግኘት ይቻላል።

እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። በክዳኑ ላይ «በ2018 ዓመተ ምሕረት የታሸገ፤ እሑድ መስከረም 1 ቀን 3000 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ከዓለም ፍጥረት በ8500፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 20 ቀን 3007 የሚከፈት» ተብሎ ይጻፍ። አንዱ ቁጥር ቢፋቅ ሌላው ያቃናዋል። «ዓ.ም.» በምሕጻር ከሚቀር ሙሉ ቃሉ ቢጻፍ ይሻላል፤ ዓመቱም በግእዝ ቁጥር ፴፻ ተብሎ ቢደገም መልካም ነው፣ ሠላሳ መቶ ማለት ነውና።

ልጆቹ የ982 ዓመትን ርዝመት እንዲረዱት ከፈለጉ ወደ ኋላ ያስቆጥሯቸው። አገራችን ዝምድናን ሰባት ቤት ድረስ ትቆጥራለች፤ ለአንድ ትውልድ 25 ዓመት ቢሰጠው ሰባት ቤት 175 ዓመት ነው፣ አምስት ጊዜ ቢደጋገም እንኳ 982 አይሞላም። ከ2018 ወደ ኋላ ያንኑ ያህል ብንሄድ 1036 ዓ.ም. ላይ እንደርሳለን፤ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ያን ጊዜ ገና አልተፈለፈሉም። ለእኔ ለቋንቋ ሰው ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። እስከ ዛሬ ከምናውቃቸው የአማርኛ ጽሑፎች ጥንታውያኑ፣ በ14ኛው ምእት ዓመት እ.ኤ.አ. ለነገሡት ለዐፄ ዓምደ ጽዮን የተገጠሙት የውዳሴ ግጥሞች፣ ዕድሜያቸው ሰባት መቶ ዓመት ገደማ ነው፤ እነርሱንም ዛሬ ያለ ማብራሪያ አንብቦ የሚረዳቸው ሰው ጥቂት ነው። የተማሪዎችዎ ደብዳቤ ከዚያ የረዘመ መንገድ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር፣ ግሦቹ ያልተቆረጡ፣ የዘመኑ ምሕጻረ ቃላትና የመንገድ አነጋገሮች ያልበዙባቸው ይሁኑ፤ ቢቻል ለአንዳንዱ ቃል ሥዕል ይጨመርለት።

የድንቅነሽ ዓረፍተ ነገር በሁለት ነገር ይታረማል። «ዓመተ ዓለም» ከፍጥረት ጀምሮ በየዓመቱ ለሚቆጠር ዘመን የተሰጠ ስም ነው። አንዳንድ መጻሕፍት ከክርስቶስ ልደት በፊት ላለው ዘመን ቢጠቀሙበትም፣ በሳይንስ ለሚገመት የሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ግን በምንም መልኩ አይሆንም። በዚህ መጠን ላይ የዘመን አቆጣጠር ስም ማከል ራሱ ትርጉም የለውም፤ 3.2 ሚሊዮን የተጠጋጋ ግምት ስለሆነ፣ በእኛና በፈረንጆች መካከል ያለው የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት፣ ሣጥኑ የሚጠብቀው 982 ዓመትም ቢሆን፣ በግምቱ ስፋት ውስጥ ይሰወራል፤ 982 ዓመት ከሦስት ሺህ ጊዜ በላይ ካልተደጋገመ 3.2 ሚሊዮን አይደርስም። ሁለተኛው «ገደማ» የሚለው ቃል መጉደሉ ነው፤ ግምትን እንደ ተቆጠረ ልክ እንዳናቀርብ የሚጠብቀን እርሱ ነው። በተጨማሪም የሚቆጠርበት መነሻ ይጻፍ፣ ደብዳቤውን የሚያነቡት ሰዎች የሚኖሩት በእኛ ዘመን አይደለምና። ዓረፍተ ነገሩ «ይህ ደብዳቤ ከተጻፈበት ከ2018 ዓመተ ምሕረት 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ድንቅነሽ ዛሬ አፋር በሚባለው ምድር ትኖር ነበር፤ አፅሟም በ1967 ዓመተ ምሕረት በሐዳር ተገኘ» ተብሎ ቢጻፍ ትክክል ይሆናል። ቁጥሩ በቃል ሲነበብም «ሦስት ነጥብ ሁለት ሚሊዮን» ይባላል።