ፎጣ ጨርቅ፣ ቋጠሮና ቀለበት

ጥያቄ፦ ለሕፃን ገላ ማድረቂያ የሚሆን ባለኮፍያ መጠቅለያ ለማሰፋት «ፎጣ ጨርቅ» በሜትር ገዛሁ። ፎጣ የዕቃው ስም አይደለም? ጨርቁም ፎጣ ይባላል? ላዩ ላይ ያለውንስ ቋጠሮ ልበለው ወይስ ጠጉር?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልነሣ፤ ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። «ቋጠሮ» አይባልም። ቋጠሮ ክር ዞሮ ሲታሰር ነው፤ ፎጣ ላይ ግን የታሰረ ነገር የለም። ፎጣ ሲሠራ ድሩ ሁለት ነው፦ አንደኛው ተወጥሮ የጨርቁን ገላ ይይዛል፣ ሌላው ላላ ተደርጎ ይለቀቃል። በተለመደው አሠራር ሁለት ማግ ከተሠራው ጨርቅ ትንሽ ራቅ ብሎ ይገባል፤ ሦስተኛው ሲገባ ሦስቱም ባንድነት ተመትተው ይጠጋሉ። ያኔ የላላው ድር ጎብጦ ወደ ላይ ይወጣል። ይህ ቀለበት ነው፤ የያዘውም የማጉ ጥብቀት ብቻ ነው።

ቋጠሮ የመሰለው ሰው የተመዘዘ ክር ሲያይ ይስበዋል፤ አጠገቡ ያሉት ቀለበቶችም ተከትለው እየገቡ መስመሩ ይመለጣል። የተመዘዘውን ከሌሎቹ እኩል አድርጎ በመቀስ መቁረጥ ነው። ገላውን የያዘው ሌላው ድር ስለሆነ ጨርቁ አይተረተርም።

«ጠጉር» ይሻላል የሚሉ፣ ቱርኮች ፎጣን «ሃቭሉ» ማለታቸውን ይጠቅሳሉ፤ «ሃቭ» የጨርቅ ጠጉር ነውና «ባለጠጉር» እንደማለት ነው። አሠራሩም ወደ እንግሊዝ ፋብሪካ የገባው ከቱርክ ተቀድቶ ስለሆነ ክርክሩ ቀላል አይደለም። እኔ ግን «ጠጉር»ን የማቆየው ቀለበቱ ተላጭቶ እንደ ከፋይ ለለሰለሰው ዓይነት ነው። እሱ ሲዳሰስ ይደላል፣ ውኃ ግን እንደ ባለቀለበቱ አይጠጣም። ሁለቱን ባንድ ስም መጥራት ገዢን ያሳስታል።

«ፎጣ» የዐረብኛው «ፉጣ» ነው፤ ጠ በ«ሱልጣን» እንደምናየው የዐረብኛውን ጥብቅ ጣ ተክቶ ነው የገባው። የመን ውስጥ ፉጣ ወንዶች የሚያገለድሙት ልብስ ነው፤ ቀለበት የለውም። በእጅ የሚሸመነው የኛው ፎጣም የለውም። የእንግሊዝኛው «ታወል» ሥሩ ደግሞ «ማጠብ» ከሚል የጥንት ጀርመናዊ ቃል ነው። ቱርኩ በጠጉሩ፣ እንግሊዙ በመታጠቢያነቱ ጠራው፤ እኛ የወሰድነው የልብሱን ስም ነው።

ስለዚህ በኔ ሚዛን ትክክሉ «የፎጣ ጨርቅ» ነው። «ሐር ጨርቅ» ስንል ሐር ቁሱ ነው፤ የፎጣ ቁሱ ግን ጥጥ ነው። ሆኖም «ፎጣ ጨርቅ»፣ «ፎጣ ጋውን» የሚለው በዝቷል፤ ተናጋሪው ፎጣን የጨርቅ ዓይነት አድርጎታል። አልወደውም፤ ስሕተት ነው ልል ግን አልችልም።

ስፌቱን በተመለከተ፣ ጥጥ ስለሚሰበሰብ ሳይቆረጥ በፊት ይታጠብ። ለአራስ 75 በ75 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ክብደቱም በካሬ ሜትር ከ300 እስከ 400 ግራም ቢሆን ቶሎ ይደርቃል። የተቆረጠ ጠርዝ ቀለበት ስለሚያራግፍ ዙሪያውን በጥብጣብ ይከፈፍ። የልብስ ማለስለሻ አይግባበት፤ ክሩን ስለሚለብሰው ውኃ መጠጣት ይቀንሳል። ካውያ መጫንም ቀለበቱን ያስተኛዋል።