የጓሮ እርሻን ለጠየቅሽው መምህርት

እህቴ፣ «ገላን አካባቢ 6ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ሥነ ምህዳርን በጓሮ እርሻ ላስተምር ብል ከየት ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚያው ቱሉ ዲምቱ በኩል ነኝ። አፈራችን አንድ ነው፤ አለቆቻችንም ሳይመሳሰሉ አይቀሩም።

1. ባቄላ ዝሪ። ገበሬው የሚዘራው በክረምት ነው፤ ያኔ ግን ትምህርት ቤት ዝግ ነው። መስከረም ላይ ዝሪና ዝናቡ ሲያቆም በቧንቧ አጠጪ። የአቃቂን ወንዝ ውሃ ልጆቹን እንዳታስነኪ፤ የፋብሪካ ፍሳሽ ይገባበታል። ጥቁር አፈር ውሃ ስለሚቋጥር መደቡን ከፍ አድርጊው።

2. ሳትቆፍሪ ወረቀት ያዢ። ይቺን በደንብ አንብቢ። ደብዳቤ ጽፌ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ሰውዬው ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል «ለባቄላም ፈቃድ?» ብሎ ሳቀብኝ። «ሂድ፣ ዝራ» አለኝ፤ ደብዳቤዬን እንኳ አልተቀበለም። ባቄላው ሲያብብ ከዚያው ቢሮ ሌላው መጣ። «በማን ፈቃድ ነው ያረሳችሁት?» ለስብሰባ እንግዶች መኪና ማቆሚያ ተፈልጎ ኖሯል። ግማሹ መደብ ላይ ጠጠር ተደፋበት፤ ልጆቹ በመስኮት እያዩ! ሁለት ኮፒ ይዘሽ መዝገብ ቤት ግቢ። በቀሪው ላይ የገቢ ማህተም ሳይመታልሽ እንዳትወጪ። ነዝናዛ ይበሉሽ።

3. መድኃኒት አታስረጪ። የተረፈውን ግማሽ ጥቁር ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ተባይ) ወረረው። ጥበቃችን መርጫ ተሸክሞ ሲመጣ «ቆይ ጋሼ፣ ልጆቹ ይዩት» አልኩት። ብዙም ሳይቆይ ነጠብጣብ ያላቸው ቀያይ ጥንዚዛዎች መጥተው ክሽክሹን ይበሉት ጀመር። ማን ማንን ይበላል የሚለውን ሰሌዳ ላይ ስስል የሚያንቀላፋ አንድ ልጅ አለኝ። ጉንዳኖች ክሽክሹን ከጥንዚዛ ሲከላከሉ አይቶ እየሮጠ የጠራኝ እሱ ነው። ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚልሱ ነው የሚጠብቁት። ያን ቀን እንዴት እንደኮራሁ!

ሲያብብ ደግሞ አንድ እግር ነቅለሽ ሥሩ ላይ ያሉትን እባጮች ራስሽ በምላጭ ክፈቺላቸው። ውስጡ ሮዝ ከሆነ እባጩ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የአየሩን ናይትሮጅን ይዘው ለተክል ምግብ እያደረጉት ነው።

ወላጅም ይመጣብሻል። አንድ ገበሬ አባት «እኔ ልጄን ከእርሻ ላወጣት ነው የላክኋት» ብለው ተቆጡኝ። አልተከራከርኳቸውም፤ ወደ መደቡ ወሰድኳቸው። ልጅቷ እባጩን ስታሳያቸው «ለካ ባቄላ በነበረበት ጤፍ የሚያምረው ለዚህ ነው» አሉ። ሰብል ማፈራረቅን ለክፍሉ ያስረዱልኝ እሳቸው ናቸው፤ ከእኔ በተሻለ።

የደብዳቤውን ናሙና ከፈለግሽ በውስጥ ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ።