በፐርሰንት የሚሠሩ ፀጉር አስተካካዮች ሠራተኞቼ ናቸው ወይ?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ የወንዶች ፀጉር ቤት ከከፈትኩ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ስድስት ወንበር አለኝ። ልጆቹ የሚሠሩት በፐርሰንት ነው፤ ሒሳቡ ለእኔ ገቢ ይሆንና ማታ ማታ ከሠሩት አርባ በመቶውን ይወስዳሉ። ደመወዝ የሚባል ነገር የላቸውም። አራት ዓመት አብሮኝ የሠራ አንድ ልጅ ከፋሲካ ማግስት ተለየን፤ ቁልፉንም ተቀበልኩት። ሰሞኑን ከክፍለ ከተማው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የሠራተኞቼን ስም ዝርዝርና የክፍያ መጠን እንዳቀርብ ደብዳቤ ደረሰኝ። ለግብር የማሳውቀው ሁለት ሠራተኛ ነው። እነዚያኑ ሁለቱን ብቻ ብጽፍ ችግር አለው? ለቀሩትስ ወደኋላ ተመልሼ የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ባዘጋጅና ቢፈርሙልኝ ያዋጣኛል?

መልስ፦ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ዝርዝሩ በሰፊው ጽፈዋል፤ ስለ ልጁ ግን «ተለየን» ብለው በአንድ ቃል አልፈውታል። ራሱ ለቆ ነው ወይስ አሰናብተውት? በፈቃዱ የሚሄድ ሰው ቁልፍ ያስረክባል፤ እርስዎ «ተቀበልኩት» ማለትዎ አሳስቦኛል። ልጁ ወደ ጽሕፈት ቤቱ አቤቱታ ይዞ ሄዶ እንደሆነስ አጣርተዋል? ይህን ለእኔ ባይነግሩኝ ግድ የለም። ለሚወክልዎት ጠበቃ ግን አንድም ሳያስቀሩ ይንገሩ።

የተለመደውን ሕግ ባጭሩ ላስቀምጠው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ውል በጽሑፍ ስላልተደረገ ብቻ የለም አይባልም። ክፍያው በወርም ይሁን በተሠራው ልክ፣ የሚታየው ሰውየው የሚሠራው በእርስዎ መሪነት ነው ወይስ በራሱ ኃላፊነት የሚለው ነው። የዋጋ ዝርዝሩን ግድግዳው ላይ የሚለጥፈው ማን ነው? ማሽኑና ፎጣው የማን ነው? ልጁ ሲያረፍድ የሚቆጣው ማን ነው? ወንበር ተከራይቶ፣ ዋጋውን ራሱ ወስኖ፣ ለእርስዎ ኪራይ ብቻ የሚከፍል ባለሙያ ቢኖር ጉዳዩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ገንዘቡን ተቀብለው ማታ የሚያካፍሉት እርስዎ ከሆኑ ግን ልጆቹ ሠራተኞች አይደሉም ብሎ መከራከር በጣም ይከብዳል። መዝገብ መያዝ፣ የሚመለከተው አካል ሲጠይቅም መረጃውን ማቅረብ የአሠሪ ግዴታ ነው። ስለዚህ ሁለት ብቻ ጽፈው አያቅርቡ።

አሁን ባለ ፀጉር ቤቶች ደጋግመው ወደሚወድቁበት ጉድጓድ ልምጣ። ለግብር ሁለት ሠራተኛ ያሳውቃሉ። ለጡረታ አንድም አያስመዘግቡም። ባንክ ብድር ሲጠይቁ ደግሞ ቤቱ ሞቅ ያለ እንዲመስል ስድስት ይላሉ። እያንዳንዱ ቁጥር በተነገረበት ቀን ይጠቅማል። ክርክር ሲነሳ ግን ሁሉም አንድ መዝገብ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ዳኛው ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «የትኛው ነው እውነቱ?» ይልዎታል። ከዚያ በኋላ እውነት ቢናገሩም የሚያምንዎት አያገኙም።

ባንኮኒው ላይ ያለው ደብተር በእርስዎ ቤትም እንደሚኖር እገምታለሁ። ከየስሙ ፊት ለፊት አራት ሰረዝ፣ አምስተኛው ሲሞላ ማቋረጫ መስመር፣ ማታ ላይ ድምሩና የልጁ ድርሻ። ብዙ ባለቤቶች ደብተሩ ሲያልቅ ይጥሉታል፤ ፀጉር ሲጠርጉበት ያየሁበት ቤትም አለ። ይህ ደብተር ከማንኛውም ጠበቃ ይልቅ የሚጠቅምዎት ለምን እንደሆነ በልጁ ጉዳይ ላሳይዎ።

ስንብቱ ሕገወጥ ነው ከተባለ የሥራ ስንብት ክፍያ ይኖራል። ሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት የመጨረሻውን ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በሠላሳ ያባዛል፤ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህን አንድ ሦስተኛ ይጨምራል። ለአራት ዓመት የስድሳ ቀን ደመወዝ ማለት ነው። «የመጨረሻው ሳምንት» የሚለውን ልብ ይበሉ። ልጁ የሄደው ከፋሲካ ማግስት ነው። የፋሲካ ሰሞን ፀጉር ቤት ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ወረፋው እስከ በረንዳው ነው፣ ልጆቹም እስከ እኩለ ሌሊት ይቆማሉ። በአዘቦት የልጁ የቀን ድርሻ 500 ብር ነው እንበል፤ ስሌቱ 30,000 ብር ይሆናል። በዚያ ሳምንት በአማካይ 1,200 ብር አግኝቻለሁ ካለ ግን 72,000 ብር ይደርሳል። እውነት ሠርቶት ከሆነ ይገባዋል፤ ሊከፍሉት ይገባል። ካልሠራው ግን በምን ያስተባብላሉ? ደብተሩ ከሌለ ምስክር ሆነው የሚመጡት አብረውት የቆሙት ልጆችና ደንበኞቹ ናቸው። በሕገወጥ ስንብት ሊጠየቅ የሚችለው የ180 ቀን ደመወዝ ካሣም በአማካይ የቀን ደመወዝ ነው የሚሰላው። የትርፍ ሰዓትና ያልተወሰደ የዓመት ዕረፍት ጥያቄም ከመጣ ያው መዝገብ ይፈለጋል።

ወደኋላ ተመልሼ መክፈያ ላዘጋጅ ያሉት በፍጹም እንዳይሞክሩት። እለምንዎታለሁ። ያልተፈጸመን ነገር እንደተፈጸመ አድርጎ ሰነድ መሥራት የሥራ ክርክሩን ወደ ወንጀል ያሻግረዋል። በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ተቀምጦ የተፈረመ የአራት ዓመት መክፈያ ገና ሲገለጥ ያስታውቃል። አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ያለ ሰነድ ይዞልኝ መጥቶ ነበር፤ ሠራተኛው ለእናቱ ተዝካር አገር ቤት በከረመበት ወር ፈርሞ ተገኘ። ሰነዱን አላቀርብም አልኩት። ዛሬ የሚፈርሙልዎት ልጆችም ነገ ተጠርተው ቃላቸውን ይሰጣሉ፤ በእንጀራቸው ፈርተው የፈረሙትን ፊርማ ፍርድ ቤት ቀርበው ይክዱታል።

ስለ ልጆቹም አንድ ነገር ልበል፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ ያዋጣሉ። አራት ዓመት ሙሉ ቆሞ የሠራ ወጣት በየትኛውም መዝገብ ላይ ስሙ የለም። ሌላ ቤት ሥራ ሲጠይቅ የሚያሳየው የምስክር ወረቀት የለውም። የአገልግሎት ዘመኑ አልተቆጠረለትም። እነዚህ ልጆች ስንት እንደሆኑ፣ ስንት እንደሚያገኙ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆሙ በትክክል ካልተመዘገበ ለሙያው የሚከራከርለት ሰው ከየት ይነሳል?

የይርጋ ጊዜውን፣ ማለትም ክስ ማቅረብ የሚቻልበትን የጊዜ ገደብ፣ ጠብቄ ላሳልፈው ብለው አስበው እንደሆነም ልንገርዎ። ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በሦስት ወር፣ ከስንብት የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ይታገዳል። ነገር ግን አቤቱታ ከቀረበ ቆጠራው ሊቋረጥ ይችላል። በጽሑፍ ያመኑት ዕዳም ያቋርጠዋል። ስለዚህ ጠበቃ ሳያማክሩ ለልጁም ሆነ ለጽሕፈት ቤቱ ምንም ዓይነት ደብዳቤ አይጻፉ፤ በስልክ መልእክትም ቢሆን።

ዛሬውኑ ያሉትን ደብተሮች በሙሉ፣ የተቀደደውንም ጭምር ይሰብስቡ። የፋሲካ ሰሞን ገጾችን ቀኑ እንዲታይ አድርገው ፎቶ ያንሱ፤ አንድ ፊደል እንኳ አይሰርዙ፣ አይደልዙ። ድርሻቸውን በቴሌብር ወይም በባንክ ልከው ከሆነ የዝውውር ዝርዝሩን ያውጡ። ለግብር ያሳወቁበትን ሰነድና ለባንክ የሰጡትን ማመልከቻ ቅጂም አይርሱ፤ ጠበቃዎ መጥፎውን ወረቀት ከሌላው ወገን እጅ ላይ እንዲያየው አይተዉት። በደብዳቤው ላይ የተሰጠዎት ቀን ካጠረ፣ ተጨማሪ ጊዜ የሚጠይቅ ማመልከቻ ጠበቃዎ ያዘጋጅልዎታል። በሥራ ላይ ላሉት አምስት ልጆችም ከዛሬ ቀን ጀምሮ፣ በዛሬው ቀን የተጻፈ ውል ይፈራረሙ፤ ከነገ ማታ ጀምሮ እያንዳንዱ ድርሻውን ሲቀበል ከድምሩ ጎን ይፈርም።