ፖምፓውን እንዳታስወርድ፤ ሰልባትዮው ትንፋሽ አጥቶ ነው

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ። ፖምፓውን እንዳታስወርድ። ችግሩ እሱ ጋ አይደለም።

ለሌሎች አንባቢዎች ጉዳዩን ባጭሩ ላስረዳ። ጠያቂያችን ላንድክሩዘር ፒክአፕ ይነዳል፤ ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ዋን ኤች ዜድ ናፍጣ ነው። ከአዲስ አበባ አፋር ይመላለሳል። መንገድ ላይ ናፍጣ እየጠፋበት ስለተቸገረ፣ ስኮርታ ጎማው ይታሰርበት የነበረው ቦታ ላይ 80 ሊትር የሚይዝ ተጨማሪ ሰልባትዮ (የነዳጅ ማጠራቀሚያ) አስገጠመ። በዋናው ሲነዳ መኪናው ምንም አይለውም። ወደ ተጨማሪው ሲያዞር ግን አዳማን አልፎ ቁልቁለቱ ሲጀምር ጉልበት ያንሰዋል፤ መተሐራ አካባቢ ጭራሽ ይጠፋል። የተጨማሪውን ክዳን ሲከፍት "ፉሽ" ይላል። ከድኖ ሲያስነሳው ይሄዳል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ያንቀዋል። በዚህ መሃል ዋናው ሰልባትዮ ጢም ብሎ ሞልቶ ናፍጣ ያንጠባጥባል። የተጨማሪው ሆድ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ጋራዡ ድንጋይ መትቶት ነው ብሎታል። ፊልትሮ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። አሁን ደግሞ ናፍጣውን ለሞተሩ የሚረጨው ኢንጀክሽን ፖምፓ ይውረድ እያሉት ነው።

እኔን ያነቃኝ የሆዱ ነገር ነው። የላክልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ድንጋይ የመታው ላሜራ ይጫራል፣ ቀለሙ ይላጣል፣ የገባውም ቦታ ጠባብ ነው። ያንተ ሰፊና ለስላሳ ሆኖ ነው የገባው፣ እንደ ሳህን። ጭረት የለውም። ከውጭ የመታው ነገር የለም፤ ወደ ውስጥ ተስቦ ነው። "ፉሽ" የሚለውም አየር ሲወጣ አይደለም፣ ሲገባ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ክዳኑን ስትፈታ ቀጭን ፌስታል አጠገቡ ያዝ። ወደ አፉ ይሳባል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ተጨማሪ ሰልባትዮ የሚሠሩ ሰዎች አብዛኞቹ የሚዘነጉት ይህንን ነው። ሰልባትዮ ይተነፍሳል። አንድ ሊትር ናፍጣ ከወጣ በቦታው በትንፋሽ ቱቦው በኩል አንድ ሊትር አየር መግባት አለበት። ካልገባ ውስጡ ያለው አየር ይሳሳል፣ ፖምፓው ደግሞ ከዚያ ከሳሳው ጋር ይጓተታል። በዋን ኤች ዜድ ላይ ናፍጣውን ከሰልባትዮ የሚስበው ኢንጀክሽን ፖምፓው ራሱ ነው፤ ከኋላ ሆኖ የሚገፋለት ሌላ ፖምፓ የለም። ስለዚህ ቶሎ ይረታል። አንተ ደግሞ ከደጋ ወደ ቆላ ነው የምትወርደው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሰመራ ከ500 ሜትር በታች ናት። ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። አዲስ አበባ ጠጥተህ አጥብቀህ የከደንከው ባዶ ሃይላንድ አፋር ስትደርስ ተጨማዶ አላገኘኸውም? ወደ ላይ ስትመለስ ደግሞ የታሸገ ቺፕስ ይነፋል። ሰልባትዮህም እንደዚያው ነው። ሞተሩ ከውስጥ ይስበዋል፣ ስትወርድ የውጭው አየር እየከበደ ይጫነዋል። ሆዱ 1 ሜትር በ40 ሴንቲ ነው ብለኸኛል። የውስጡና የውጩ ልዩነት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው የአየር ግፊት አንድ አስረኛ ብቻ ቢሆን እንኳ በዚያ ላሜራ ላይ አራት ኩንታል ጭነህበታል ማለት ነው። ይግባ እንጂ ምን ያድርግ!

ዋናው ለምን ሞልቶ ፈሰሰ? ናፍጣ ሞተር የሳበውን ሁሉ አያቃጥልም። ትርፉ በመላሽ ቱቦ ይመለሳል። ገጣሚው የመሳቢያውን ቱቦ በባለ ሦስት አፍ ቫልቭ ለሁለት ከፈለ፣ መላሹን ግን አልነካውም። ስለዚህ ከተጨማሪው እየሳብክ ወደ ዋናው ትመልሳለህ። ዋናው ይፈሳል። ተጨማሪው ደግሞ ሞተሩ ከሚያቃጥለው በላይ እየጎደለበት፣ በዚያችው ጠባብ የትንፋሽ ቱቦ ጭራሽ ይታፈናል። ሁለቱም ችግር ከአንድ ሰው እጅ የወጣ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ ተቀብሎ አንድ ቱቦ ተከትሎ አለማየት ያናድዳል።

ከመፍታትህ በፊት አረጋግጥ። የትንፋሹን ቱቦ ከሰልባትዮው ነቅለህ በአፍህ ንፋው። ፎቶው ላይ ከኋላ ጎማው ጀርባ ወደ መሬት ተንጠልጥሎ አይቻለሁ፤ የአፋር አቧራ ደፍኖታል ብዬ እገምታለሁ። ብታጸዳውም ቀጭን ስለሆነ አይበቃህም። ኮምፕረሰር ግን ሰልባትዮው ውስጥ እንዳትነፋ። ስፌቱን ይቀድብሃል። ቀጥሎ የመላሹን ቱቦ ከፖምፓው ጀምረህ በእጅህ እየዳሰስክ እስከ መጨረሻው ተከተለው። ዋናው ላይ ካበቃ ግምቴ ትክክል ነው።

አሁን አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ይህን ስታነብ በያጅ ጋ ሮጠህ "ሰፊ የትንፋሽ አፍ በይድልኝ" ልትል ነው። ናፍጣ የነበረበት ሰልባትዮ ላይ ብየዳም፣ ግራይንደርም፣ መሰርሰሪያም አታስነካ። "ናፍጣ እኮ እንደ ቤንዚን አይነድም" ይሉሃል። ቀዝቃዛ ናፍጣ ነው በቀላሉ የማይነደው። የብየዳው ሙቀት ግድግዳው ላይ የቀረውን ወደ ተን ይለውጠዋል፣ ተኑ ከአየር ጋር ይቀላቀላል፣ ከዚያ ቦምብ ነው። ባዶው ከሙሉው የባሰ አደገኛ ነው። ወር ሙሉ ባዶውን የከረመ ሰልባትዮ ሲበየድ ፈንድቶ የአንድ ልጅ ፊት ሲያቃጥል በዓይኔ አይቻለሁ። እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ደግሞም ያ ሰልባትዮ ለብየዳ የሚያበቃ አይደለም። ላሜራው ጋልቫናይዝድ (በዚንክ የተለበጠ) ነው፤ ዝንጉርጉር አብረቅራቂው ፎቶው ላይ ይታያል። ውሃ ለመያዝ ጥሩ ነው፣ ለናፍጣ አይሆንም። ዚንኩ ከናፍጣው ጋር እየተዋሃደ ፊልትሮ የሚደፍን ዝቃጭ ይፈጥራል። ፊልትሮህ ቶሎ ቶሎ የሚዘጋው አንድም በዚህ ሊሆን ይችላል። ርካሽ ስለሆነና ዝገት አይነካውም ስለሚባል ሁሉም ይሠራበታል። አውልቀህ አዲስ አሠራ። ባለ 2 ሚሊ ጥቁር ላሜራ ይሁን። ውስጡን ለሦስት የሚከፍል ባለ ቀዳዳ ላሜራ ይግባበት፣ አለበለዚያ ናፍጣው ኮረኮንች ላይ እየተላጋ ስፌቱን ይሰነጥቀዋል። ከታች የማጠቢያ ቡሎን፣ መሳቢያው ከወለሉ 2 ሴንቲ ከፍ ያለ፣ ትንፋሹ ከላይ ከጣሪያው። አዲስ ነገር ሲበየድ ችግር የለውም። ሲያልቅ ውሃ ሞልተህ አሳድረው። ካላላበ ደፍተህ በደንብ አድርቀው።

የትንፋሹ ቱቦ ውስጡ 8 ሚሊ ይሁን። ሽቅብ እስከ ናፍጣ መሙያው አፍ ድረስ ይውጣ፣ ጫፉ እንደ ከዘራ ይጠፍ፣ ትንሽ የአቧራ ማጣሪያ ይደረግበት። ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ይራቅ። ሌላ ሰፋ ያለ ቱቦ ደግሞ ከጣሪያው ወደ መሙያው አንገት ይሂድ፤ እሱ ከሌለ ማደያ ስትሞላ እየተፋብህ ትቸገራለህ። ባለ ሁለት ሰልባትዮ ሃርድቶፕ የሚነዳ ጓደኛ ካለህ ሥሩ ገብተህ እየው። ፋብሪካው 90 እና 90 ሊትር አድርጎ ሲሠራ የትንፋሽ ቱቦዎቹን ወዴት እንዳወጣቸው ታያለህ።

የቱቦውን መስመር በሁለት መንገድ ማስተካከል ይቻላል። አንደኛው ባለ ስድስት አፍ ቫልቭ ነው፤ መሳቢያውንም መላሹንም አብሮ ያዞራል። ጥሩው ጥሩ ነው። ሶማሌ ተራ በርካሽ የሚገኘው ግን ከውስጥ ስለሚያሳልፍ አየር ይስብብሃል፣ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ይልሃል። እኔ ላንተ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። ባለ ሦስት አፉን አውጥተህ ጣለው። የሞተሩን ቱቦዎች ፋብሪካው እንደሠራቸው መልሳቸው። ተጨማሪውን በትንሽ ባለ 12 ቮልት የናፍጣ ፖምፓ ወደ ዋናው እንዲገለብጥ አድርገው። ከፖምፓው በፊት ፊልትሮ ይግባ። ሽቦው ፊውዝ ይኑረው፣ የመኪናው ቁልፍ ሲዘጋ አብሮ የሚጠፋ ይሁን። ዋናው ከግማሽ በታች ሲሆን ታበራለህ፣ ሦስት አራተኛ ሲሆን ታጠፋለህ። ሞተሩ ሁልጊዜ ከዋናው ስለሚስብ የመላሹ ጣጣ እዚያው ያልቃል። መንገድ ላይ ቢበላሽ እንኳ ዋናው አለልህ።

የውሃ ጎማ እንዳትጠቀም። ናፍጣ ያሳብጠዋል፣ ይላላል። በናፍጣ ቱቦ ላይ አትቆጥብ፤ ክላምፑም ጠርዙ ጎማ የማይቆርጥ ይሁን።

ሲታሰር ሻንሲው ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ተጠቀም፣ በቡሎን፣ መሃሉ ጎማ ተደርጎ። 80 ሊትር ናፍጣ 67 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በሁለት ቀጭን ብረት አይንጠለጠል። ከማርሚታው ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ መሃላቸው የሙቀት መከላከያ ላሜራ ይግባ። ባሌስትራው (ሞላው) ሲተኛ ምን እንደሚነካ በክሪክ አንስተህ፣ መደገፊያ አድርገህ እየው። በያጁ እዚያው መኪናው ላይ እንደተገጠመ "አንዲት ነጥብ ብቻ" ልበይድ ቢልህ እምቢ በል። አንዲት ነጥብም ብየዳ ናት። ናፍጣ ከገባበት በኋላ አይሆንም።

ሥራው ሲያልቅ ፊልትሮውን ቀይር፤ ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ እስክትጠነክር ጨቁናትና አስነሳ። ተጨማሪውን እስከ አፉ አትሙላ። ደጋ ላይ የሞላኸው 80 ሊትር ናፍጣ 20 ዲግሪ ሲሞቅ ከአንድ ሊትር በላይ ይጨምራል፤ አራት አምስት ሊትር ቦታ ተውለት። ከዚያ እንደ ልማድህ ወደ አፋር ውረድ። መተሐራ ስትደርስ ቁምና የተጨማሪውን ክዳን ክፈት። "ፉሽ" ካለ የትንፋሹ ቱቦ የሆነ ቦታ ታጥፏል፣ ከሰልባትዮው ጀምረህ ተከተለው።