ኮላጅኑን የማይነካው ኤንዛይም፦ ገና ከሰገባው አልወጣም

ጥያቄ፦ አቃቂ አካባቢ ባለ ላቦራቶሪ፣ የቅጠል ጭማቂ ይገታው እንደሆነ ለማየት ያልነቃ ሪኮምቢናንት (በጂን ምህንድስና የተመረተ) የሰው ኤምኤምፒ-1፣ ማለትም ኮላጅን የሚባለውን ፕሮቲን የሚቆርጥ ኤንዛይም፣ ገዛን። ኤፒኤምኤ (ሜርኩሪ ያለበት ማንቂያ) ጨምረንበትም ኮላጅኑን አይነካም። በዚያው በፈር (ፒኤች የሚጠብቅ ፈሳሽ) ውስጥ የባክቴሪያው ኮላጅኔዝ ግን ጥርግ አድርጎ ይበላዋል። ባልደረባችን የኤንዛይሙን መጠን 3 እጥፍ አድርጎ፣ በቮርቴክስ (ቱቦ በሚንጠው ማሽን) መትቶም ሞከረ፤ ያው ነው። የኤፒኤምኤው ቱቦ ግርጌ ነጭ ደለል አለ። ኤንዛይሙ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አትጣሉት። የባክቴሪያውም ኮላጅኔዝ ዚንክና ካልሲየም ይፈልጋል፤ እሱ ከሠራ በፈሩም ኮላጅኑም ደህና ናቸው። እኔ የምጠረጥረው ያንን ነጭ ደለል ነው። ኤፒኤምኤውን በውሃ በጥብጣችሁ፣ ከላይ የጠራውን ቀድታችሁ ጨምራችሁ ይሆናል። ኤፒኤምኤ በውሃ እምብዛም ስለማይሟሟ የጠራው ውስጥ ማንቂያው የለም ማለት ይቻላል። መጠን ሦስት እጥፍ ማድረግ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ቮርቴክሱ ደግሞ አረፋ እያስነሳ ፕሮቲኑን ይጎዳል።

ይህን ትንሽ ላስረዝመው። ኤንዛይሙ ሲመጣ በሰገባ እንዳለ ቢላ ነው። ሰገባው 80 ያህል አሚኖ አሲድ ያለው የፊት ክፍል ነው፤ እዚያ ላይ ያለች አንዲት ሲስቴይን በሰልፈሯ የስለቱን ዚንክ ጨምድዳ ይዛለች። ውሃ ዚንኩ ጋ ካልደረሰ መቁረጥ የለም። ሜርኩሪ ሰልፈር ይወዳል፤ ኤፒኤምኤ ሲገባ ያ ጭምደዳ ይላቀቃል፣ ኤንዛይሙም ራሱ ሰገባውን ደረጃ በደረጃ ቆርጦ ይጥላል። ክብደቱ ከ52 ኪሎዳልተን ወደ 42 ገደማ የሚወርደው፣ ሰዓታትም የሚፈልገው ለዚህ ነው። ዲቲቲ ወይም መርካፕቶኤታኖል የነካው በፈር የማይሆነውም ለዚሁ ነው፤ የራሳቸው ሰልፈር ሜርኩሪውን ቀድሞ ይይዘዋል።

እንግዲህ 35.2 ሚሊግራም ኤፒኤምኤ በ1 ሚሊሊትር ዲኤምኤስኦ በሚባለው አሟሚ አሟሙ፤ 100 ሚሊሞላር ይሆናል። የዕለቱን በዕለቱ አዘጋጁ። ሜርኩሪ ነውና ሁድ (አየር መሳቢያ ሳጥን) ውስጥ፣ በናይትራይል ጓንት ብቻ። ኤንዛይሙን በ50 ሚሊሞላር ትሪስ ፒኤች 7.5፣ 10 ሚሊሞላር ካልሲየም ክሎራይድ፣ 150 ሚሊሞላር ጨውና 0.05 በመቶ ብሪጅ-35 (ሳሙና መሰል ነገር) ውስጥ በሚሊሊትር 20 ማይክሮግራም አድርጉት። ብሪጁን አትተዉ፤ ርካሽ ቱቦ ግድግዳው ላይ ፕሮቲን ያስቀራል። በ100 ማይክሮሊትሩ ላይ 1 ማይክሮሊትር ኤፒኤምኤ ጨምራችሁ በፒፔት ቀስ አድርጋችሁ ቀላቅሉ፤ 37 ዲግሪ ላይ ለ2 ሰዓት ያህል ይቆይ። የብልቃጡ መመሪያ ሌላ ሰዓት ካለ እሱን ተከተሉ። ፒቢኤስ የሚባለው የፎስፌት በፈር አይግባ፤ ፎስፌቱ ካልሲየሙን ያዘቅጠዋል።

ከመነቃቱ በፊትና በኋላ ያለውን ጎን ለጎን ፕሮቲን በመጠኑ በሚለይ ጄል እዩ። ናሙናውን 95 ዲግሪ ላይ አታፍሉ፤ በእናንተ ከፍታ ውሃ 93 አካባቢ ስለሚፈላ ክዳኑ ይፈናጠራል፣ ውስጡም ሜርኩሪ አለ። 90 ዲግሪ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ኮላጅን። አሲድ ውስጥ የመጣ ስለሆነ ስትቀላቅሉ ፒኤቹን እንደገና ለኩ። 25 ዲግሪ ላይ ሌሊቱን አሳድሩት፤ በጄል ሦስት አራተኛና አንድ አራተኛ ቁራጮች መታየት አለባቸው። ከማንቃት ለመዳን ብላችሁ ካታሊቲክ ዶሜይን ብቻ ያለውን ርካሹን እንዳትገዙ፤ ሄሞፔክሲን የሚባለው ክፍል ከሌለው ያልተፈታ ኮላጅን አይቆርጥም።

አሁንም ስለ ሜርኩሪው፦ ጫፉም፣ ቱቦውም፣ ጄሉ የተነከረበትም ፈሳሽ ክዳኑ በሚጠብቅ፣ «ሜርኩሪ» ተብሎ በተጻፈበት ዕቃ ይጠራቀም። ሲንክ ውስጥ ጠብታ እንዳይገባ፤ በአቃቂ ወንዝ ውሃ ጎመን ይለማል። አውቶክሌቭም አታድርጉት፣ ይተናል።

የቀረውን ኤንዛይም 10 ማይክሮሊትር እያደረጋችሁ ከፋፍሉና ሲቀነስ 80 ላይ አኑሩ፤ አንዴ የቀለጠ ወደ ፍሪዘር አይመለስም። የቅጠሉን ጭማቂ የምትሞክሩት 20 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ (ዚንክና ካልሲየም የሚነጥቅ ኬሚካል) የነቃውን ኤንዛይም ሲያቆመው ካያችሁ በኋላ ነው። ታኒን የበዛበት ቅጠል ማንኛውንም ፕሮቲን ስለሚያዘቅጥ የገታ ይመስላል፤ እሱን 0.1 በመቶ ቢኤስኤ (የከብት ደም ፕሮቲን) ጨምራችሁ ድገሙት።