«ልጄ ደህና ነኝ ትለኛለች፣ ወረቀቱ ላይ ግን ሌላ ሞላች»

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምንኖረው፤ የ9 ዓመት ልጄ ክብደቷ ስለጨመረ ክትትል ላይ ናት። ባለፈው ቀጠሮ ሚዛን ላይ ካወጧት በኋላ ለእሷም ለእኔም ለየብቻ ፔድስኪውኤል የሚባል፣ የልጆችን የኑሮ ጥራት የሚለካ መጠይቅ ሰጡን። እኔ ድካሟን ነው የጻፍኩት። እሷ ግን ልጆች ያሾፉብሻል ወይ የሚለው ላይ «ሁልጊዜ ማለት ይቻላል» ብላለች። ደነገጥኩ። የማንን መልስ ነው የሚያምኑት?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለታችሁንም ያምናሉ፤ ስለ ውስጧ ግን ቅድሚያ የሷ ነው። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ሲያጥራት አንቺ ታያለሽ፣ ምሳ ሰዓት ማን አጠገቧ እንደሚቀመጥ ግን አታዪም።

መጠይቁ 23 ጥያቄ አለው፤ 8ቱ ስለ አካል፣ ቀሪዎቹ 5 5 ሆነው ስለ ስሜት፣ ስለ ጓደኛና ስለ ትምህርት ናቸው። ያለፈውን አንድ ወር ነው የሚጠይቀው። ውጤቱ ከ100 ይሰላል፣ ከፍ ሲል ጥሩ ነው። ሚዛን ኪሎዋን እንጂ ይሄን አይነግርሽም። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት፣ በጣም ከባድ ውፍረት ያለባቸው ልጆች ራሳቸው የሰጡት ውጤት የካንሰር ሕክምና ላይ ካሉ ልጆች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል። ያ ግን ሆስፒታል ድረስ የተላኩ ልጆች ላይ የተሠራ ነው፣ ልጅሽን በሱ አትለኪያት።

ከ5 ዓመት ጀምሮ ልጅ ለራሱ መመለስ ይችላል፤ ትንንሾቹ ሲነበብላቸው የፊት ሥዕል እየጠቆሙ ይመልሳሉ። ስለዚህ ስትሞላ ጀርባዋ ላይ አትቁሚ፣ «እንዲህ ነው እንዴ? ለምን አልነገርሽኝም?» ብለሽም አታፋጥጫት፣ አለበለዚያ በሚቀጥለው አንቺን የሚያስደስት መልስ ነው የምትሞላው። ድምሩን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ክፍል አሳዩኝ በያቸው፤ 70 ያመጡ ሁለት ልጆች፣ አንዷን ጉልበቷ ሌላዋን ሹፈት ሊሆን ይችላል የጎዳት። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ ክፍያ የለውም።

ሹፈቱን ለአስተማሪዋ አሁኑኑ ንገሪ፣ ክብደቷ እስኪቀንስ አይጠበቅም። ቤት የሚመጡ ዘመዶችንም ጉንጯን እየቆነጠጡ «ውይ ወፍረሻል እኮ!» እንዳይሏት ቀስ ብለሽ ለምኛቸው፤ በፍቅር እንደሚሉት አውቃለሁ፣ ለሷ ግን ትምህርት ቤት ከምትሰማው አይለይም።

ከወራት በኋላ መጠይቁ ይደገምላት። ኪሎዋ እዚያው ሆኖ ውጤቷ ሊሻሻል ይችላል፣ እሱም ትልቅ ለውጥ ነው። የኀዘንና የእንቅልፍ ጥያቄዎቹ ላይም «ሁልጊዜ ማለት ይቻላል» ብላ ከሆነ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ለሐኪሟ ደውይላት።