ዶክተር፣ እናቴ ስንት ቀን ፍል ውሃ ትግባ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። እናቴ 61 ዓመቷ ነው፣ ስኳርና ደም ግፊት አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። ጉልበቷንና ወገቧን በጣም ያማታል። ሰፈራችን ያለች ወጌሻ በቅባት ስታሻት ትንሽ ቀለል ይላታል። ባለፈው ወር ፍል ውሃ ወስደናት እግሯን ስትዘፈዝፍ ቆይታ ውሃ ቋጠረና ቆሰለ፣ ግን አያማትም፣ የአሞክሳሲሊን ዱቄት እየነሰነስንበት ነው። ዘመዶች ብርዱ እንዲወጣላት ሰባት ቀን በደንብ በሚያቃጥለው ትግባ ይላሉ። ስንት ቀን ይበቃታል? አክስቴ በስኳር እግሯ ተቆርጦ ነበርና እናቴም መራመድ እንዳታቆም ፈራሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቅሽኝ የቀኑን ብዛት ነው ግን ያስጨነቀሽ የአክስትሽ ነገር እንደሆነ ገብቶኛል። መጀመሪያ ስለ ጉልበቱ ትንሽ ላረጋጋሽ። በዚህ ዕድሜ ቀስ እያለ የመጣ የጉልበት ህመም አብዛኛውን ጊዜ የመገጣጠሚያ መበላት ነው፣ ያሰቃያል፣ ደረጃ ያስፈራል፣ ግን እግር አያስቆርጥም።

እግር የሚያስቆርጠው አንቺ በመሃል ጣል አድርገሽው ያለፍሽው ነው። «ቆሰለ ግን አያማትም» ያልሽው። እኔ ደብዳቤሽን ሳነብ እዛ ጋ ነው የቆምኩት።

ውሃ ቋጥሮ የፈነዳ፣ ወር የሆነው ቁስል የማያመው ለምን ይመስልሻል? ስኳር ለብዙ ጊዜ ሲቆይ የእግርን ነርቭ ይጎዳል፣ ከጣት ጀምሮ ወደ ላይ ይደነዝዛል። እናትሽ ውሃው እያቃጠላቸው አልተሰማቸውም፣ ቢሰማቸው ኖሮ እግራቸውን ወዲያው ያወጡ ነበር። 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ የጤነኛ ሰው ቆዳ በ5 ሰከንድ ያቃጥላል፣ 50 ዲግሪ አካባቢ ያለው ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፣ እና እሳቸው «ስትዘፈዝፍ ቆይታ» ነው ያልሽኝ። ካላመማት ደህና ናት የሚለውን ነገር በየቀኑ እሰማዋለሁ፣ እውነቴን ነው በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ስኳር ያለበት ሰው ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው፣ ቁስሉ ቢያማቸው ኖሮ እኔ እንዲህ አልደነግጥም ነበር። ሳያም ወደ ውስጥ ይገባል፣ ደም ስሩም ጠቦ ከሆነ ደም በደንብ አይደርሰውም አይድንም፣ ከዛ አጥንት ይደርሳል፣ ሰው ሐኪም ቤት የሚመጣው ሲሸት ወይ ጣቱ ሲጠቁር ነው። የአክስትሽም እንዲህ ሳይሆን አይቀርም።

ዱቄቱን ደግሞ ዛሬውኑ አቁሙ። ካፕሱል ከፍቶ ቁስል ላይ መነስነስ ህክምና አይደለም! ከላይ ቅርፊት ሠርቶ የዳነ ያስመስለዋል፣ ከስር ያለው መግል ሥራውን ይሠራል። አንድ ወር ሙሉ እቤት! ለፍል ውሃ መኪና ተገኝቶ ለሐኪም እንዴት ይጠፋል?

ነገ ጠዋት ውሰጃቸው፣ የስኳር ክትትል ያላቸው ቦታ ይሻላል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ወደ ላይ የሚሄድ መቅላት፣ እብጠት፣ ሽታ፣ የጠቆረ ቆዳ ካየሽ ወይ ስኳራቸው ያለ ምክንያት ከወጣ ግን ነገንም አትጠብቂ፣ ማታም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል። አሁን ከሄዳችሁ ቁስሉ ተጠርጎ፣ ትክክለኛ መድኃኒት ተሰጥቶ፣ እግሩ ከጫና አርፎ የመዳን ዕድሉ ጥሩ ነው፣ ብዙ እንዲህ ዓይነት እግር ሲድን አይቻለሁ። ያኔውኑ የሁለቱንም እግር ስሜትና የደም ዝውውር እንዲያዩላቸው ጠይቂ።

ፍል ውሃን እየነቀፍኩ አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ የፍልውሃን አካባቢ ወደውት ነው፣ ሰውም ለቁርጥማት ሲሄድበት ኖሯል፣ ለብ ያለ ውሃ ጡንቻ ያላላል ህመምም ያስታግሳል። እስከ ወገብ ውሃ ውስጥ ሲቆም ጉልበት የሚሸከመው ክብደት በግማሽ ገደማ ስለሚቀንስ እዛ ውስጥ መራመድ ለእናትሽ ጉልበት ከመዘፍዘፍ በጣም ይበልጣል። ግን ክፍት ቁስል እያለ በጭራሽ! የሚወጣ ብርድ የሚባል ነገርም የለም፣ ስለዚህ ይበልጥ ማቃጠሉ ይበልጥ አያድንም።

ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ድኖ ሐኪማቸው ከፈቀደ በኋላ፣ ከ37 ዲግሪ ባልበለጠ ውሃ 15 ደቂቃ ይበቃል፣ በእሳቸው እግር ሳይሆን በአንቺ ክርን ይለካ። ሲወጡ ቀስ ብለው ይነሱ፣ የግፊት መድኃኒትና ሙቀት ተደማምረው ራስ ያዞራሉ። ኢንሱሊን ተወግተው ወዲያው አይግቡ፣ ሙቀት ኢንሱሊኑን ቶሎ ወደ ደም ያስገባውና ስኳር ድንገት ይወርዳል። ጣቶች መሃል በደንብ ይድረቅ። ለእግር ብርድ ከሰል አጠገብ መቀመጥም ሆነ ሙቅ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ የለም።

ወጌሻዋ ጭንና ወገብ ቀስ አድርጋ ብታሽ አልቃወምም። ቁስሉን፣ ያበጠ ባት፣ አንገት ግን አትንካ። አንድ እግር ብቻ ካበጠ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፣ ሲታሽ ተነስቶ ሳንባ ይገባል። «ለህመሙ» ተብሎ ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ እየተገዛ ከሆነ ደግሞ ተዉት፣ ስኳርና ግፊት ያለበትን ሰው ኩላሊት ይጎዳል፣ ማስታገሻውን ነገ ሐኪሙ ይምረጥላቸው።

ለጉልበቱ ከዛሬ ጀምሮ እቤት የሚሠራ አለ፦ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንዱን እግር ቀጥ አድርገው አንስተው እስከ አምስት ቆጥረው ያውርዱ፣ በእያንዳንዱ እግር አሥር አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። ቁስሉ መሬት ስለማይነካ አሁንም ይችሉታል።